ማሽን የማያነበው ጽሑፍ፦ የጎሬ ታሪክና የድረ ገጾቻችን ፊደል

(ይህ ጽሑፍ በጎሬ ከተማ ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለነዋሪዎች የቀረበ የአደባባይ ንግግር ሙሉ ቃል ነው። በመድረኩ ላይ በሥዕል የታዩት ነገሮች እዚህ በቃል ተገልጸዋል።)



የዛሬው ርእሴ ድረ ገጽና ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። እንዲህ ያለ ንግግር በአዲስ አበባ አዳራሽ ቢደረግ ማንም አይገረምም፤ በጎሬ ሲደረግ ግን «ለምን እዚህ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። መልሴን ከታሪክ ልጀምር።

በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ በጠላት እጅ ስትወድቅ የኢትዮጵያ መንግሥት መቀመጫ ወደዚህች ከተማ ዞረ። ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ በጎሬ አስተዳደሩን ይዘው ቆዩ፤ ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴም የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ሆነው ከጎጃም በወለጋ በኩል መጡ፤ በነቀምት የተደራጁት የጥቁር አንበሳ ወጣት መኮንኖችም ከእርሳቸው ጋር ተባበሩ። በኅዳር 1929 ዓ.ም. ጣልያኖች ጎሬን ያዙ፤ በታኅሣሥ ደግሞ ራስ እምሩ በጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተከበው እጃቸውን ሰጡ። እንግዲህ ለግማሽ ዓመት ያህል የኢትዮጵያ ነፃ መንግሥት መቀመጫ ይህች ከተማ ነበረች ማለት ነው።

በዚያው ዘመን በጎሬ የእንግሊዝ ቆንስላ ነበረ። ቆንስሉ ያየውንና የሰማውን ለበላዮቹ በእንግሊዝኛ ይጽፍ ነበር። የዚያ ዘመን የቆንስላ ሪፖርቶች በአብዛኛው በጽሑፍ መኪና የተመቱ ናቸው፤ በመኪና የተመታን የላቲን ፊደል ደግሞ ኦሲአር የሚባለው ፕሮግራም፣ ማለትም ከፎቶግራፍ ላይ ፊደል የሚለቅመው፣ ብዙ ሳይሳሳት ወደ ጽሑፍ ይመልሰዋል። በዚያው ወራት በአማርኛ የተጻፈ ደብዳቤ ግን የእጅ ጽሑፍ ነው፤ ማኅተም ያረፈበት፣ መስመሩ የተጠጋጋ፣ ቀለሙ የደበዘዘ። አንድ ነገር በሁለት ወገን ተጽፎ ቆየ፤ ማሽን በቀላሉ የሚያነበው ግን የአንዱን ወገን ብቻ ነው። ዛሬ ስለ ጎሬ 1929 ዓ.ም. ማሽን የሚጠይቅ ተማሪ፣ ሳያውቀው፣ በዋናነት የቆንስሉን ዓይን ተውሶ ሊያይ ይችላል። የቆንስሉ ዓይን ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። የራሳችን ዓይን ከጎኑ አለመኖሩ ግን ያሳስበኛል።

የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጠቃለላል። እያንዳንዱ የትምህርት ክፍል በድረ ገጹ ላይ ከሚያወጣው ሰነድ ጎን የዚያኑ ሰነድ ግልጽ የጽሑፍ ቅጂ ሊያኖር ይገባዋል። ለምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራና ምን ጥንቃቄ እንደሚያስፈልገው በተራ ላስረዳ።

በመጀመሪያ ክራውለር የሚባለው ምንድን ነው? ከድረ ገጽ ወደ ድረ ገጽ እየተዘዋወረ ጽሑፍ የሚለቅም ፕሮግራም ነው። ወደ ሰርቨራችን ይመጣል፤ ገጹን ይጠይቃል፤ የተሰጠውን ኮድ ይቀበላል፤ ከውስጡ ጽሑፉን ያወጣል፤ ከገጹ ወደ ሌላ ገጽ የሚያሻግሩትን አገናኞች ተከትሎ ይሄዳል። ኮመን ክሮል የተባለው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የዓለምን ድረ ገጾች በዚህ መንገድ እየለቀመ ለማንም ክፍት በሆነ ማከማቻ ያኖራል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ጂፒቲ 3 የተባለው ሞዴል የተማረበት ጽሑፍ ትልቁ ክፍል ከዚሁ ማከማቻ ተጣርቶ የተወሰደ ነበር። እንግዲህ በማከማቻው ያልገባ ነገር ለሞዴሉ በአብዛኛው እንዳልተጻፈ ሊቆጠር ይችላል።

«እኛስ ድረ ገጽ አለን፤ ሰነዶቻችንም ተጭነዋል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ሆኖም በዓይን የሚነበብ ሁሉ በማሽን አይነበብም። በእኛ አገር ሦስት እንቅፋቶች አሉ።

አንደኛው ፎቶግራፍ ነው። ሰነዱ ታትሞ፣ ተፈርሞበትና ማኅተም ተደርጎበት በስካነር ይነሣና በፒዲኤፍ ይጫናል። ለእኛ ደብዳቤ ነው፤ ለማሽን ግን ነጭና ጥቁር ነጥቦች ናቸው። ኦሲአር ለአማርኛም አለ፤ ነገር ግን ፊደሎቻችን እርስ በርሳቸው ይመሳሰላሉ። «ለ» እና «ሰ» በደበዘዘ ወረቀት ላይ በጣም ይቀራረባሉ፤ ሰው «ሰማ» ብሎ የጻፈው «ለማ» ሆኖ ሊወጣ ይችላል። የማያርም ሰው ካገኘው ስሕተቱ እንዳለ ይዘልቃል።

ሁለተኛው የድሮ ፎንት ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ዓለም አቀፍ ደረጃ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ለ«ሀ» በዓለም ሁሉ አንድ የታወቀ መለያ ቁጥር አለው፤ ለሌሎቹም ፊደላት እንዲሁ። ከዚያ በፊት ግን ቪዥዋል ግዕዝንና ፓወር ግዕዝን የመሳሰሉ ፕሮግራሞች የላቲን ፊደላት በተመደቡበት ቦታ ላይ የእኛን ፊደል ቅርጽ እየሣሉ ያሠሩን ነበር። ደረጃ ባልነበረበት ዘመን አማርኛን በኮምፒውተር ያጻፉን እነርሱ ናቸውና ባለውለታዎቻችን ናቸው። ችግሩ የመጣው ደረጃው ከወጣ በኋላ ብዙ ዓመት በዚያው ልማድ በመቆየታችን ነው። እኔ ራሴ ከአንድ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ያወረድሁትን መመሪያ አንድ አንቀጽ ቀድቼ በሌላ ሰነድ ላይ ስለጥፈው የእንግሊዝኛ ፊደላት፣ ቅንፎችና የሥርዓተ ነጥብ ምልክቶች የተዘበራረቁበት ነገር ወጣልኝ። ገጹ ላይ ጥርት ያለ አማርኛ ነበር፤ ከሥሩ ግን አንድም የአማርኛ ፊደል አልነበረም። ክራውለር የሚያየው ከሥሩ ያለውን ነው። በመሆኑም አማርኛ መሆኑን እንኳ ሳያውቅ እንደ ቆሻሻ ይጥለዋል።

ሦስተኛው የገጹ አሠራር ነው። ብዙ አዳዲስ ድረ ገጾች መጀመሪያ ባዶ ገጽ ይልኩና ጽሑፉን በኋላ በጃቫስክሪፕት ያመጡታል። የእኛ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ኮዱን አስኬዶ ጽሑፉን ያሳየናል። ብዙዎቹ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ክራውለሮች ግን ጃቫስክሪፕትን አያስኬዱም፤ ባዶውን ገጽ ተቀብለው ይሄዳሉ።

ግልጽ የጽሑፍ ቅጂ ሦስቱንም ያልፋል። ምን ዓይነት ነገር ነው? በዩኒኮድ የተጻፈ፣ ጌጥ የሌለው፣ ርእሱ፣ ጸሐፊው፣ ቀኑና አካሉ በቅደም ተከተል የተቀመጡበት፣ የራሱ ቋሚ አድራሻ ያለው ገጽ ነው። ንዑስ ርእሶችን ለመለየት ማርክዳውን የተባለውን ቀላል አጻጻፍ መጠቀም ይቻላል፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ፣ ማንኛውም ጸሐፊ በአንድ ሰዓት የሚማረው ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ጄረሚ ሃዋርድ የተባለ ባለሙያ በእያንዳንዱ ድረ ገጽ ሥር ለቋንቋ ሞዴሎች ማውጫ የሚሆን አንድ የጽሑፍ ፋይል እንዲቀመጥ ሐሳብ አቅርቧል፤ ፋይሉ «ኤልኤልኤምስ ዶት ቲኤክስቲ» ይባላል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ይህ ማውጫ ሐሳብ እንጂ ሁሉም ኩባንያ የተስማማበት ደንብ አይደለምና ተስፋችንን ሁሉ በእርሱ ላይ አንጣል። ማውጫው ኖረም አልኖረም፣ ተራ አገናኝ ያለው ተራ የጽሑፍ ገጽ በማንኛውም ክራውለር ይነበባል። ከዋናው እንጀምር።

አሁን ወደ አጻጻፉ ልግባ፤ ምክንያቱም ፊደሉ ስለተነበበ ብቻ ነገሩ ተረዳ ማለት አይደለም። የእኛን አካባቢ ስሞች እንውሰድ። «ጎሬ» በአማርኛ የአውሬ መኖሪያ ጉድጓድ ማለትም ነው። «መቱ» ደግሞ የጎረቤት ከተማችን ስም ብቻ ሳይሆን «መታ» ከሚለው ግስ የወጣ የተለመደ ቃል ነው። ብዙ የአማርኛ ጽሑፍ ያላየ ሞዴል «ከጎሬ ወደ መቱ» የሚለውን ሐረግ እንዴት እንደሚተረጉመው ለመገመት አያዳግትም። በላቲን ፊደል ሲጻፍም ችግሩ አይቀርም፤ በኒውዚላንድም በቻድም ጎሬን የሚመስል ስም ያላቸው ከተሞች አሉ፤ በሴኔጋል ዳርቻም በባሪያ ንግድ ታሪክ የታወቀች ተመሳሳይ ስም ያላት ደሴት አለች። ስለዚህ በመጀመሪያው መስመር ላይ «ጎሬ ከተማ፣ ኢሉባቦር ዞን፣ ኦሮሚያ ክልል፣ ኢትዮጵያ» ብሎ መጻፍ ትርፍ ቃል አይደለም። የዞኑም ስም ኢሉባቦር፣ ኢሉ አባ ቦራ፣ ኢሊባቡር እየተባለ ይጻፋል። በሰነዱ ውስጥ አንዱን መርጠን እንጽና፤ ሌሎቹን ግን በመግቢያው አንድ ጊዜ እንጥቀሳቸው፤ ፈላጊ በየትኛውም ስም ቢመጣ እንዲያገኘን።

የዘመን አቆጣጠር ደግሞ ከሁሉ የከፋው ወጥመድ ነው። ጎሬ በኅዳር 1929 ተያዘች ብለን «ዓ.ም.» ሳንጨምር ብንተወው፣ ማሽኑ ቁጥሩን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሊወስደው ይችላል። ያን ጊዜ የጎሬ መያዝ ጦርነቱ ከመጀመሩ ከ6 ዓመት በፊት የተፈጸመ ይሆናል። «በኅዳር 1929 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1936)» ብሎ ሁለቱንም ማኖር ግን ጥቂት ቁምፊዎችን ብቻ ይጠይቃል። በግዕዝ አኃዝ ፲፱፻፳፱ ብሎ መጻፍም ያማረ ነው፤ ሆኖም በጽሑፍ ቅጂው ከጎኑ 1929 ይጨመርበት።

ሥርዓተ ነጥብም አለ። ብዙዎቻችን አራት ነጥብን ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ በመምታት እንጽፈዋለን። ለዓይን አንድ ናቸው፤ ለማሽን ግን «።» አንድ ምልክት ሲሆን «፡፡» ሁለት የቃል መለያዎች ናቸው። ዓረፍተ ነገር የት እንዳለቀ የሚነግረው ምልክት ከተሳሳተ አንቀጹ በሙሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ሆኖ ሊቆጠር ይችላል። እንዲሁም ሠንጠረዥን በፎቶግራፍ ከመለጠፍ በመስመር በመስመር መጻፍ፣ ፎቶግራፍ ካለም ምን እንደሚያሳይ በአንድ ዓረፍተ ነገር መግለጽ ያስፈልጋል።

የቋንቋንም ነገር ማንሣት አለብኝ። የዚህ ዞን የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። በቁቤ የተጻፈ ጽሑፍ የላቲን ፊደል ስለሆነ የድሮ ፎንት ችግር አይነካውም፤ የፎቶግራፉና የባዶው ገጽ ችግር ግን እኩል ይነካዋል። ስለ ያዮ የቡና ደን የተደረገን ጥናት እናስብ። ያ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል፤ የዓረቢካ ቡና በተፈጥሮ ከሚበቅልባቸው ጥቂት የዓለም ደኖች አንዱ ነው። የጥናቱ አጭር መግለጫ በእንግሊዝኛ ብቻ ከሚወጣ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛም በጽሑፍ ቅጂ ቢወጣ፣ በደኑ ዙሪያ የሚኖረው ገበሬ ልጅ በራሱ ቋንቋ ሲጠይቅ መልሱ ከራሱ አካባቢ የሚመጣበት ዕድል ይሰፋል።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ደርሻለሁ። «በድካማችን ያፈራነውን ለውጭ ኩባንያዎች በነፃ ለምን እናቀርባለን?» ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ የዚህች ከተማ ሰው ደግሞ ከማንም ይልቅ ይገባዋል። የጎሬ ቡና በበቅሎና በሰው ትከሻ ወደ ጋምቤላ ይወርድ ነበር፤ ባሮ ወንዝ በክረምት ሲሞላ በመርከብ ወደ ሱዳን ይሄድ ነበር፤ ዋጋውን የሚቆርጠው ግን ሌላ ነበር። ዛሬም ቢሆን የኢሉባቦር ቡና ገበያ ሲደርስ ብዙ ጊዜ በጅማ ስም ይጠራል። ስለዚህ «ደግሞ ጽሑፋችንንም?» ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው።

የእኔ መልስ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው፣ ቡናው በሌላ ስም የተሸጠው ስለተሸጠ ሳይሆን ስሙ አብሮት ስላልተጓዘ ነው። ዝምታ ከማሽኑ አያድነንም፤ ስለ ጎሬ ሲጠየቅ ማሽኑ ዝም አይልም፤ ሌሎች በጻፉት ይመልሳል። የሕዝብ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ጽሑፉን ሸጦ የሚኖር ጋዜጣ አይደለም። ኒው ዮርክ ታይምስ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ኦፕንኤአይን ሲከስ የሚያስጠብቀው ገበያ ነበረው፤ እኛ ግን በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ጥናት ለሕዝብ የማድረስ ግዴታ አለብን።

ሁለተኛው ክፍል ግን ገደብ ነው። ሁሉ ነገር አይወጣም። ይህ አዳራሽ ውስጥ ያሉ አባቶች ለተመራማሪ ቃላቸውን ሲሰጡ ያመኑት ሰውየውን ነው፤ ቃላቸው በማያውቁት ማሽን ውስጥ እንዲገባ አልተጠየቁም። የቃል ምስክርነት፣ የመረጃ ሰጪ ስም፣ የተማሪ ውጤት፣ የታካሚ ጉዳይ፣ የመሬት ክርክር ያለበት ሰነድ በግልጽ ቅጂ አይወጣም፤ ባለቤቱ ተጠይቆ፣ ገብቶት ካልፈቀደ በስተቀር። የሌላ ሰው መጽሐፍም እንዲሁ። ራስ እምሩ የጻፉት ማስታወሻ ታትሟል፤ አንባቢ ከመደርደሪያ አንሥቶ ያነበዋል። የእኛ ድርሻ መጽሐፉን መገልበጥ ሳይሆን በየትኛው ቤተ መጻሕፍት እንደሚገኝና ስለ ጎሬ ምን እንደያዘ በራሳችን ቃል መጻፍ ነው።

ፈቃድን ለማሽን መንገሪያ ዘዴም አለ። እ.ኤ.አ. በ1994 ማርታይን ኮስተር ያቀረበው «ሮቦትስ ዶት ቲኤክስቲ» የተባለው ፋይል የትኛው ክራውለር የትኛውን ክፍል እንዳይነካ ይናገራል፤ እ.ኤ.አ. በ2022ም መደበኛ የኢንተርኔት ሰነድ ሆኗል። ሆኖም ጨዋ እንግዳ የሚያከብረው ማስታወቂያ እንጂ በር የሚዘጋ ቁልፍ አይደለም። መውጣት የሌለበት ሰነድ መጀመሪያውኑ ድረ ገጹ ላይ አይጫን።

አንድ ሌላ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ለሰው አንድ ነገር፣ ለማሽን ሌላ ነገር መጻፍ አይገባም። የጽሑፍ ቅጂው ከዋናው ሰነድ ጋር ቃል በቃል አንድ መሆን አለበት፤ ዋናው ሲታረም ቅጂውም በዚያው ቀን ይታረም። የተቃኘው ሰነድም አይጣል፤ ማኅተሙና ፊርማው ምስክር ነውና ከጎኑ ይቆይ። ሁለቱ ሲለያዩ አንባቢ የትኛውን ይመን?

እስካሁን ስለ ማሽን ተናገርሁ፤ ነገር ግን የዚህ ሥራ የመጀመሪያ ተጠቃሚ ሰው ነው። ማየት የተሳነው ተማሪ ጽሑፍን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም ይማራል፤ ያ ፕሮግራም በፎቶግራፍ ፊት እንደ ክራውለሩ ዲዳ ነው። በገጠር ሆና በስልኳ የምትማረውን ልጅም አስቡ። በተለመደው አቀማመጥ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ የዛሬው ንግግሬ ሙሉ ቃል በጽሑፍ ከ40 ኪሎ ባይት አይበልጥም። በስካነር የተነሣ አንድ ገጽ ግን ብቻውን ከዚህ በብዙ እጥፍ ሊከብድ ይችላል። የሞባይል ዳታዋን ቆጥራ የምትጠቀም ተማሪ ልዩነቱን ከኪሷ ታውቀዋለች። እንግዲህ ክራውለሮቹ ነገ ጠባያቸውን ቢለውጡ እንኳ ድካማችን አይባክንም።

ለማጠቃለል፣ ሁሉን በአንድ ጊዜ እንሥራ አልልም። እያንዳንዱ የትምህርት ክፍል በዚህ መንፈቅ ዓመት ስለዚህ አካባቢ ከተጻፉት አንድ ሰነድ ይምረጥ። የባለመብቱን ፈቃድ ይጠይቅ። አንድ ተማሪ በዩኒኮድ ይጻፈው፤ ሌላ ተማሪ ፊደል በፊደል ያርመው፤ አንድ መምህር ቀኖቹንና ስሞቹን ይመርምር፤ ከዚያም ከዋናው ጎን ይውጣ። ፈተናውም ቀላል ነው፤ ከገጹ አንድ አንቀጽ ቀድታችሁ በስልካችሁ የመልእክት ሳጥን ውስጥ ለጥፉ። አማርኛው አማርኛ፣ ኦሮምኛው ኦሮምኛ ሆኖ ከወጣ ሥራው ተሠርቷል።

በ1929 ዓ.ም. በጎሬ የሆነውን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ዛሬ የሉም ማለት ይቻላል። ከአባቶቻቸው የሰሙት ግን ከመካከላችን ተቀምጠዋል፤ የእነርሱን ቃል በፈቃዳቸው መጻፍ የእኛ፣ የተጻፈውም እንዲነበብ ማድረግ የእኛ ሥራ ነው። ቆንስሉ የድርሻውን ጽፎ ሄዷል። የቀረው የእኛ ነው።